የብቅሉ ምስጢር ያለው ጨለማው ክፍል ውስጥ ነው

ጆሯችሁን ቀረብ አድርጉልኝማ። አሁን የምነግራችሁን የብቅልና የቢራ ፋብሪካ አስጎብኚ አይነግራችሁም። እሱ የሚያሳያችሁ የሚያብረቀርቀውን ታንከር፣ ተሰልፎ የሚሄደውን ጠርሙስ፣ ነጭ ጋዎን ለብሳ ፈገግ የምትለውን የላቦራቶሪ ልጅ ነው። ከልጅቷ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ዝም ብሎ ያልፋታል። በሯ ላይ ጥቁር መጋረጃ አለ። "ፎቶ ማጠቢያ ናት እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። አይደለችም። እዚያ ውስጥ የሚታየው ገብስ ነው። በጨለማ።

ለምን በጨለማ? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስኳር አይታይም። ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ስታርች የስኳር ሰንሰለት ነው። የጥጥ ክርም የስኳር ሰንሰለት ነው። ገብስ ፍሬ ውስጥ ያለው የሕዋስ ግድግዳም እንዲሁ። ኬሚስቶች ሁሉንም ሰብስበው ካርቦሃይድሬት ይሏቸዋል። ይህ ዘር ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለም የሚባል ነገር የለውም፤ ብርሃን እንዳላየ ሰንጥቆት ያልፋል። ፕሮቲን እንኳ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ትንሽ ይውጥና መኖሩን ያሳውቃል። ስኳር ግን ጭጭ ነው።

ጭጭ ያለን ነገር እንዴት ትለኩታላችሁ? የሙያችን ብልሃት እዚህ ላይ ይጀምራል። መብራት ታስሩበታላችሁ። ፍሎረሰንት የሚባል ቀለም አለ፤ ለዓይን የማይታየውን ጨረር ውጦ የሚታይ ብርሃን ይመልሳል። ቀለሙን ስኳሩ ላይ ታጣብቁና የቀለሙን ብርሃን ትለካላችሁ። ሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል ሚሊግራም" ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የተነበበው ከመብራቱ ነው። ስኳሩን እስካሁን ማንም አላየውም። ይቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በፎይል ተጠቅልሎ የተቀመጠው ቀለም ካልኮፍሎር ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ትተዋወቃላችሁ። ምናልባት አሁን ለብሳችሁታል።

ጥምቀት ዕለት ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ ነጠላው ዓይን እስኪወጋ ሲያበራ አይቷል። የአጣቢዋ ጉልበት አለበት፣ አዎ። ግን ዱቄት ሳሙናው ውስጥ የተቀላቀለው ማንጪያም አለበት፤ ያ ማንጪያ የካልኮፍሎር የሥጋ ዘመድ ነው። ካልኮፍሎር ራሱም መጀመሪያ እንጀራው ጨርቅና ወረቀት ማንጣት ነበር። ጥጡ ላይ ይለጠፋል፤ ከፀሐይ የሚመጣውን የማይታይ ጨረር ይውጣል፤ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ሰማያዊው የጥጡን ቢጫነት ይሸፍነዋል፤ እኛም ልብሱ ነጣ እንላለን። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፀሐይ ይህን ጨረር አብዝታ ትለግሳለች። ታዲያ ነጠላው ቢያበራ ምን ይደንቃል?

ባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይዋ ኖቱን የምታሳይበት ሰማያዊ መብራትስ? ያው ነው። ተራ ወረቀት ማንጪያ ስላለበት እዚያ መብራት ሥር ቦግ ይላል። የገንዘብ ወረቀት ግን ሆን ተብሎ ያለ ማንጪያ ይሠራል፤ ስለዚህ ይጨልማል። ሐሰተኛው የሚያዘው በማብራቱ ነው።

እሺ፣ የልብስ ማንጪያ ገብስ ላይ ምን ሊሠራ መጣ?

ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ገብስ ውስጥ ደግሞ የሴሉሎስ ቅርብ ዘመድ አለ፤ ቤታ ግሉካን ይባላል። ሁለቱም ግሉኮስ ከግሉኮስ ተቀጣጥሎ የሚሠራቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፤ ካልኮፍሎር ደግሞ ይህን ዓይነቱን ሰንሰለት አጥብቆ ይወዳል። ከ100 ግራም ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካኑ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ግራም ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል። የተቀመጠበት ቦታ ግን ወሳኝ ነው። ስታርቹን አቅፈው የያዙት የሕዋስ ግድግዳዎች አብዛኛው አካላቸው እሱ ነው። ግድግዳው ካልፈረሰ ስታርቹ አይወጣም።

ብቅል ማብቀልም ቢሉት ቢሉት ይህን ግድግዳ ማፍረስ ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩት ያውቁታል። ገብሱን ይዘፈዝፋሉ፣ ሸፍነው ያስቀምጣሉ፣ ጎንቁሎ ሲወጣ ያሰጣሉ። ፋብሪካውም ያንኑ ያደርጋል፤ በትልቁና በቴርሞሜትር። ፍሬው ውስጥ የሚሆነውን ላጫውታችሁ፦ ጽንሱ ውኃ ሲያገኝ ይነቃል፤ ጅብሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን መልእክቱ ሲደርሰው ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ይለቃል። ማፍረሱ ከጽንሱ በኩል ተነስቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይጓዛል። ቀኑ ሳይደርስ ብቅሉ እሳት ከገባ ጫፉ ሳይፈርስ ይቀራል።

ያ ያልፈረሰ ጫፍ ቢራ ፋብሪካ ሲደርስ ጉድ ያፈላል። ቤታ ግሉካኑ ወደ ብቅሉ ጭማቂ ይገባል፤ ጭማቂው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ማጣሪያው ይታፈናል። ሠራተኛው ሌሊቱን ማጣሪያ ሲያጥብ ያድራል። ብዙ ጠማቂዎች በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ከ200 ሚሊግራም በላይ ቤታ ግሉካን ማየት የማይወዱት ለዚህ ነው።

አሁን መጋረጃውን እንግለጠው።

ሰሌዳ አለ። ብቅሉ ፍሬ በፍሬ፣ ሆዱ ወደ ታች ሆኖ፣ ሰሌዳው ላይ ይደረደርና ይጣበቃል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ግማሹ አልቆ ውስጡ ወለል ብሎ እስኪታይ። ነጭ ዱቄት ክፍሉን ይሞላዋል፤ እውነቱን ለመናገር ሽታው ደስ ይላል፣ የተቆላ ገብስ ሽታ ነው። ከዚያ ካልኮፍሎር ይፈስበታል፤ ይታጠባል። ቀጥሎ ፋስት ግሪን የሚባል አረንጓዴ ቀለም ይከተላል፤ የእሱ ሥራ ዙሪያውን ማጨለም ነው፣ ግድግዳው ብቻውን እንዲታይ። በመጨረሻ መብራት ይጠፋል። አልትራቫዮሌቱ ይበራል።

ኧረ ስታዩት! የደረቀ የሚመስለው ፍሬ ሁሉ ሰማያዊ ጫፍ አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ያበራው ግድግዳው ሳይፈርስ የቀረው ቦታ ነው። የጨለመው ብቅሉ በሚገባ የሠራው ነው። ስለዚህ እኛ የምንመኘው ጨለማ ነው። ጀማሪ ተለማማጅ ሁሉ ሲያበራ ደስ ይለዋል፤ አንጋፋዋ ደግሞ ሲያበራ ፊቷን ታጠቁራለች።

ዘዴውን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ኮፐንሃገን ያለው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ናቸው። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያም በ1909 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚያው ቤት ነው። ቢራ ቤት ሳይንስ አይሠራም ያለ ይኸው።

ግን የሰሌዳው ትልቁ ወሬ ገና ነው። አማካዩ ብዙም አይገርመኝም። ዓይኔ የሚሄደው ጎረቤታሞቹ ላይ ነው። አንዱ ፍሬ ከዳር እስከ ዳር ጨልሞ፣ አጠገቡ ያለው እስከ ወገቡ ሲያበራ ሳይ ገብሱ ከአንድ ማሳ እንዳልመጣ እጠረጥራለሁ። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ የመጣ ገብስ በሰብሳቢው መጋዘን ይገናኛል። አንዱ ወፍራም ፍሬ ነው፣ ሌላው ቀጭን። አንዱ ዘር ቶሎ ይነቃል፣ ሌላው ያንቀላፋል። አንድ ጆንያ ውስጥ ገብተው አንድ ገንዳ ውስጥ ሲዘፈዘፉ እኩል አይበቅሉም። በወረቀቱ ላይ አማካዩ ያማረ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ግን ያጋልጣል። ማን ምን እንደቀላቀለ ባይነግርም መቀላቀሉን ይነግራል።

ይህን ወሬ ገበሬው ይሰማዋል? አይሰማውም። ያናድደኛል።

በር ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አንድ አባት ገብስ ጭነው ይመጣሉ። ከጆንያው በመውጊያ ትንሽ ይወሰዳል። እርጥበቱ ይለካል፤ ፕሮቲኑ ይለካል፤ በወንፊት ይነፋል፤ የመብቀል አቅሙ ይታያል። ፕሮቲን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው መካከል ነው። ከዚያ ይመለሳል ወይም ይገባል። "ልጄ፣ ገብሴ ምን ሆነ አሉት?" ብለው ይጠይቃሉ። "ፕሮቲኑ በዝቷል፣ አባባ" ይባላሉ። ፕሮቲን መብዛቱ ለምን ጥፋት እንደሆነ የሚያስረዳቸው የለም። ሲዘገይ የተጨመረ ዩሪያ ፕሮቲኑን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል፣ በሚቀጥለው ዓመት ቀደም ብለው ቢጨምሩ እንደሚሻል፣ የሚነግራቸው የለም። ቤታ ግሉካኑማ ከቶ አይነሳም፤ እሱ የሚታየው ገብሱ ተከፍሎበት፣ በቅሎ፣ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው። ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ሙቀትና ድርቅ ከበረታ ቤታ ግሉካን ከፍ ይላል። ይህ የገበሬው ጥፋት አይደለም። ማወቅ ግን መብቱ ነው፤ የትኛው ማሳው፣ የትኛው ዘሩ እንዳማረለት ጨለማው ክፍል ያውቃልና።

ዳሽን ቢራ በ2000 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ተመሠረተ፤ ስሙን ያገኘው 4,533 ሜትር ከሚደርሰው ራስ ዳሸን ነው። ከተማዋ የብቅል ፋብሪካም አላት። የትኛው ቤት በየትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ አላወራም፤ የእኔ ወሬ ስለ ሙያው ነው። ሙያው ደግሞ ዓለም ላይ የትም ብትሄዱ አንድ ነው፤ የተራራው ገብስ በስተመጨረሻ ሰማያዊ መብራት ሥር ይቀርባል።

አሁን ደግሞ መብራቱ የሚዋሽበትን ላሹክሹክላችሁ። ይህን የሥልጠና መጽሐፍ በትንሹ ጽፎ ያልፈዋል።

የመጀመሪያው ጋቢ ነው። አዎ፣ ጋቢ። የደጋ ጠዋት ይበርዳል፤ ልጅቷ ጋቢዋን ጣል አድርጋ ትገባለች። ከጋቢው አንዲት የጥጥ ክር ሰሌዳው ላይ ትወድቃለች። ጥጥ ሴሉሎስ ነው ብያችኋለሁ። መብራቱ ሲበራ ክሯ ከገብሱ ሁሉ በልጣ ታበራለች። በዓይን ለሚያይ ግልጽ ነው፣ ክር ክር ነው። ካሜራና ኮምፒዩተር ከሆነ የሚቆጥረው ግን ክሯን እንደ ግድግዳ ሊቆጥራት ይችላል። ጨለማው ክፍል ውስጥ ጋቢና ነጠላ የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ራሱ ብርሃን ነው። ቀለሙ ብርሃን ላይ ከቆየ ይደክማል። ለዚህ ነው ጠርሙሱ በፎይል የሚጠቀለለው፣ መጋረጃውም ጥቁር የሆነው። ሰሌዳውን አልትራቫዮሌት ሥር ትታ ቡና ልትጠጣ የሄደች ልጅ ስትመለስ ብቅሉ "ተሻሽሎ" ይጠብቃታል። ጫፎቹ ደብዝዘዋል። ብቅሉ ያው ነው፤ የደከመው መብራቱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይረቃል። ጭማቂው ሲለካ ሰሌዳ የለም፤ ጭማቂው በቀጭን ቱቦ ይፈስሳል፣ ካልኮፍሎር መንገድ ላይ ይቀላቀለዋል፣ መሣሪያው የብርሃኑን ጭማሪ ያነባል። ግን ካልኮፍሎር አጫጭር ቁርጥራጮችን አያይም። ሰንሰለቱ በቂ ርዝመት ከሌለው ቀለሙ አይዝም፤ ስለዚህ አያበራም። ተቆራርጦ ያለቀ ቤታ ግሉካን ጭማቂው ውስጥ እያለ መሣሪያው "የለም" ይላል። ለጠማቂው ችግር የለውም፤ ማጣሪያ የሚያፍነው ረጅሙ ነውና። ጠቅላላ ይዘቱን ለሚፈልግ የምግብ ተመራማሪ ግን ይህ ቁጥር አይሆነውም፤ እሱ በኢንዛይም ቆራርጦ እስከ ግሉኮስ አውርዶ መቁጠር አለበት። ሁለት ላቦራቶሪዎች በአንድ ገብስ ላይ ሁለት ቁጥር ይዘው ሲጨቃጨቁ ብትሰሙ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የምግብ ተመራማሪ ካልኩ አይቀር። ጠማቂው የሚያሳድደው ይኸው ቤታ ግሉካን በሶ ውስጥ ሲገባ ይወደሳል። ሆድ ውስጥ ውኃ ይዞ ይወፍራል፣ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቀን 3 ግራም የሚያስገኝ የገብስ ምግብ የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ በ2006 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል። ስሜን ተራሮች ላይ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ሽቅብ የሚወጣ እረኛ ይህን ወረቀት አልጠበቀም። ጠላና ኮረፌ ጠማቂዎችም ቤታ ግሉካን አስጨንቋቸው አያውቅም፤ የፋብሪካ ማጣሪያ የላቸውማ። ወፈር ማለቱ እንዲያውም ለጠጪው ሞገስ ነው። ስለዚህ ብቅል ላቦራቶሪ "መጥፎ" ያለውን ገብስ መጥፎ ገብስ አትበሉት። ለዚያ ማጣሪያ አልሆነም፣ በቃ። በሶና ቆሎ የሚያዘጋጁ ሰዎች ያን ሰሌዳ ቢያዩት የሚያበራውን ፍሬ ለቅመው ይወስዱ ነበር። ለሚያበራው ገብስ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ለምን አይፈጠርም? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ካልኮፍሎር ስኳሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያበራው፤ ጠበቅ ያለ ትስስር የለውም። መብራቱን ስኳሩ ላይ በኬሚስትሪ የሚቋጥሩም አሉ። የስታርች ሰንሰለት ቢረዝምም ቢያጥርም ጭራው አንድ ነው፤ ከቀለም ጋር መያያዝ የሚችል አንድ ጫፍ ብቻ አለው። ኤፒቲኤስ የሚባል ቀለም እዚያ ጫፍ ላይ ይገባል፤ ሌላ ኬሚካል ይከተልና ቋጠሮውን እንዳይፈታ ያጠብቀዋል። ያ ሁለተኛው ኬሚካል መርዛማ ነው፤ ጋዝ ከሚስብ ሳጥን ውጭ አይነካም። ከዚያ ሰንሰለቶቹ ከፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ፤ አጭሩ ይቀድማል፣ ረጅሙ ይከተላል፣ እያንዳንዱ ሌዘሩ ፊት ሲደርስ አረንጓዴ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ብልሃቱ ገብቷችኋል? ለእያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ መብራት ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ የሚቆጥረው ሰንሰለቶቹን ነው፤ ክብደታቸውን አይደለም። የሩዝና የስንዴ ስታርች በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። እንጀራ በማግስቱ የሚደርቀው የስታርቹ ሰንሰለቶች ተመልሰው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው፤ የሰንሰለቶቹን ርዝመት የሚያውቅ የጤፍ ዘር መራጭ ማለስለሻውን ከማሳው ይጀምረዋል።

አንድ ልጨምርና ልልቀቃችሁ። ይቺ የምወዳት ናት።

አኒሊን ብሉ የሚባል ሌላ ቀለም አለ። ካሎስ የተባለውን ካርቦሃይድሬት በቢጫ ያበራዋል። ሳቅ የሚያመጣው ነገር፣ የሚያበራው ሰማያዊው ቀለም ራሱ አይደለም፤ ጠርሙሱ ውስጥ አብሮ የተገኘ ጥቂት ባዕድ ነገር ነው። በጣም አጥርቶ የሠራ አምራች ብርሃኑን ያጠፋዋል! ካሎስ ደግሞ ተክል ሲወረር ቀዳዳውን የሚደፍንበት ጭቃ ነው። ዱቄት መሰል ሻጋታ የገብስን ቅጠል ሊበሳ ሲሞክር ሕዋሱ እዚያው ቦታ ላይ ካሎስ ይቆልልበታል። አውሮፓውያን ይህን ሲመረምሩ አንዳንድ ገብሶች ከሌሎቹ ፈጥነውና አብልጠው እንደሚደፍኑ አዩ። ከእነዚያ መካከል አንዱ ኤምኤልኦ 11 የሚባለውን የጂን ዓይነት የያዘ ነበር። ከየት መጣ? በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ደጋ ከተሰበሰበ የገበሬ ገብስ ነው። ከገበሬ ጎተራ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በበልግ ከሚዘሩት የገብስ ዝርያዎች ብዙዎቹ ይህን ጂን ይዘዋል፤ ለቢራ ብቅል የሚዘሩትም ጭምር።